ያረጀውን ኮምፒውተር ማን ያስተዳድረው?

ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አስቀድሞ ባወጀው መሠረት፣ ከሐምሌ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያገለግል ከኖረው ከዊንዶውስ 10 ጥበቃውን ባነሣ ጊዜ፣ እስከ ዋዜማው ድረስ ደብዳቤ ሲጻፍባቸው፣ ፊልም ሲታይባቸውና የልጆች ትምህርት ሲጠናባቸው የቆዩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የቤት ኮምፒውተሮች፣ አንዳች የአካል ጉድለት ሳይገኝባቸው፣ ከአረጋውያን ተራ ተቆጠሩ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የምሥጢር ቁልፍ መጠበቂያ ይሻል፤ ፕሮሰሰሩም የኢንቴል ሥራ ከሆነ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ በታች እንዳይሆን ያዝዛል፤ ስለዚህም በ2008 ዓ.ም. በብዙ ገንዘብ የተገዛ ጤነኛ ላፕቶፕ፣ ምንም እንኳ ገና ብዙ ዓመት ለመሥራት አቅሙ ቢኖረው፣ ከደጅ ይመለሳል። ኩባንያው የአንድ ዓመት ተጨማሪ ጥበቃ በ30 ዶላርና በሌሎችም መንገዶች ማቅረቡ እውነት ነው፤ ይህ ግን ቀጠሮ ማራዘም እንጂ ፍርዱን መሻር አይደለም።

አባቶቻችን የመጽሐፉ ገበታ ሲሰበርና ድጉሱ ሲላላ ብራናውን አይጥሉም ነበር፤ አዲስ ገበታ አበጅተው፣ ዳግመኛ ጠርዘው ወደ አገልግሎቱ ይመልሱታል እንጂ። እንዲህ ያለውንም ኮምፒውተር ከመጣል፣ ወይም ጠባቂ በሌለው ስርዓተ ክወና ለሌባና ለቫይረስ ክፍት አድርጎ ከማቆየት፣ ሊኑክስን ጭኖ ማሠራት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ዳሩ ግን ከብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች መካከል አንዱን ስንመርጥ ሚዛኑ ሊሆን የሚገባው፣ የነገሩ ወዳጆች የሚያወድሱት ውበትና ብልሃት ሳይሆን፣ ቤተሰቡ በዚያ መሣሪያ የሚሠራው ሥራና የሚጽፍበት ፊደል ነው።

በአገራችን ደግሞ ነገሩ አንድ ተጨማሪ መልክ አለው። ከመርካቶም ሆነ ከሌላ ገበያ የሚገዛ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ ሻጩ ወይም ጥገና ቤቱ በፍላሽ ይዞ የሚዞረውን፣ የፈቃዱ ዋጋ ያልተከፈለበትንና በክራክ የተከፈተውን ዊንዶውስ ተሸክሞ ወደ ቤታችን መግባቱ የተለመደ ነው። ይህ በአንድ ወገን የኅሊና ጉዳይ ነው፤ የሰውን ከብት ሲነዳ ቢገኝ ከሰማይ በታች መሸሸጊያ የሚያጣ ሰው፣ የሰውን የአእምሮ ፍሬ ሳይከፍል መውሰዱን እንደ ብልጠት ሲቈጥረው እናያለንና። በሌላው ወገን የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ቁልፉን የሰበረው ፕሮግራም ከማን እጅ እንደ ወጣና ከራሱ ጋር ምን ደብቆ እንዳስገባ የሚመሰክርለት የለም፤ እሱን ለመጫንም አስቀድሞ የሚደረገው አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው። ከኢንተርኔት ካፌና ከፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ ተሳፍሮ እየመጣ ፎልደሮችን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚለውጠው ተባይ ለዊንዶውስ የተጻፈ በመሆኑ በሊኑክስ ላይ ሥልጣን የለውም። ሊኑክስ ከክፉ ነገር ሁሉ የተጠበቀ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

የሊኑክስን ታሪክ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ ማንም ሰው እንደ ፈቃዱ ሊጠቀምበት፣ ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ለባልንጀራው ሊያካፍለው የሚችል ስርዓተ ክወና የመሥራት አሳቡን ይፋ አደረገ፤ በ1991ም በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሥርዓቱን እምብርት፣ ይኸውም ከርነል የሚባለውን፣ ጽፎ ለሕዝብ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በ1993 ዴቢያን፣ በ2004 በደቡብ አፍሪካዊው ባለጸጋ በማርክ ሻትልዎርዝ ገንዘብ ኡቡንቱ፣ በ2006 ደግሞ ከኡቡንቱ የተገኘው ሊኑክስ ሚንት ተከታትለው ተወለዱ። እነዚህን መቅዳትና ማደል በሕግ የተፈቀደ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ የወረደ ቅጂ ለመላው ሰፈር ቢዳረስ ከሳሽ የለበትም።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ኮምፒውተሩ ባለ 64 ቢት ነው ወይስ ባለ 32 ቢት የሚለው ነው፤ ትልልቆቹ የሊኑክስ ቤቶች ባለ 32 ቢቱን አንድ በአንድ እየተሰናበቱት ናቸውና። ለአሮጌ ዕቃ ርኅሩኅ የነበረው ዴቢያን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው በ13ኛው እትሙ ለእነዚህ ኮምፒውተሮች የመጫኛ ፕሮግራም ማዘጋጀቱን ትቷል። ለእነሱ እንደ አንቲኤክስ ያሉ ቀላል ሥርዓቶች አሉላቸው፤ ሆኖም ራሙ 1 ጊጋባይት ብቻ የሆነ መሣሪያ የዛሬን ድረ ገጾች ከፍቶ ቤተሰብ ያገለግላል ብሎ ተስፋ መስጠት ሰውን ማታለል ይሆናል፤ መጻፊያ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ካልሆነም ማሰናበት ይሻላል።

ባለ 64 ቢት ሆኖ ራሙ 4 ጊጋባይት ለሆነው፣ በእኛ አገር በብዙ ቤት ለሚገኘው ኮምፒውተር ግን፣ እኔ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንትን ነው፤ እሱንም ኤክስኤፍሲኢ በተባለው ቀለል ባለ ገጽታው። መነሻ ምልክቱ በግራ በኩል ከታች ስለሚገኝና መስኮቶቹም እንደ ለመድናቸው ስለሚከፈቱ፣ ዊንዶውስ 7ን የሚያውቁ አባትና እናት ግራ ሳይጋቡ ይገቡበታል፤ 22ኛው እትሙም እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ የጥበቃ እድሳት እንደሚያገኝ ቃል ተገብቶለታል። ጉግል ለአሮጌ ኮምፒውተሮች ያዘጋጀውን ክሮም ኦኤስ ፍሌክስን የሚያወድሱ አሉ፤ ሥራው ሁሉ በኢንተርኔት ላይ ለሆነና መስመሩ ለማይቋረጥበት ሰው መልካም ነው፤ ኔትወርኩ ሲጠፋ ግን ከሥራው አብዛኛው አብሮ ስለሚቆም፣ በፓኬጅ እየቈጠረ ኢንተርኔት ለሚገዛ ቤተሰብ አልመክረውም። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ፣ ገንዘብ ከተገኘ፣ የሚሽከረከረውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መለወጥ ነው፤ ብዙ ሰው የዊንዶውስ ጥፋት ነው ብሎ የሚያማርርበት መንቀራፈፍ ምንጩ ይኸው ዲስክ ሆኖ ይገኛልና፣ ሥርዓቱን ብቻ ለውጦ ዲስኩን የተወ ሰው የድካሙን ግማሽ ዋጋ ብቻ ያገኛል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ግን የፊደላችን ነገር ነው፤ በሌላ አገር ሊቃውንት የሚጻፉት የምርጫ ምክሮች ይህን አያነሡትም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ቦታውን ካገኘ ወዲህ፣ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በሊኑክስም ያለ ችግር ይነበባል፤ በዊንዶውስ የለመድነው ኒያላ የተባለው ፎንት በሊኑክስ ባይገኝ፣ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ፊደሉን ተክቶ ያሳየዋል፤ የሚለወጠው የፊደሉ መልክ እንጂ ቃሉ አይደለም። ለመጻፍም አይባስ የተባለውን የአጻጻፍ መሣሪያ ከአማርኛ ስልቱ ጋር ሲጭኑት፣ በላቲን ቁልፎች ድምፁን እየተከተሉ መጻፍ ይቻላል። መከራው ያለው ከዩኒኮድ በፊት በነበረው ልማድ በተጻፈው ላይ ነው። በቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፊደሎቹን በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ያስቀመጠ ስለሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል፤ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ የውርስ ጽሑፍና የመመረቂያ ድርሰት ሳይቀር በዚህ ዓይነት አጻጻፍ ታስረው የቀሩባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰነድ ያለው ሰው አሮጌውን ዊንዶውስ ከማጥፋቱ በፊት ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ ይለውጥ፤ ይህ ቢያቅተው ቢያንስ እያንዳንዱን በፒዲኤፍ ያስቀምጥ። ፒዲኤፉ እርማት ባይቀበልም ቃሉን ለንባብ ይጠብቃል።

ሊኑክስ የማይበጀው ሰው አለን ቢሉ፣ አለ። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያና በአውቶካድ የሚነድፍ መሐንዲስ ፕሮግራሞቻቸው ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸውና ከእንጀራቸው ጋር ባይጣሉ ይሻላል። በማይክሮሶፍት ዎርድ የተዘጋጀ ደብዳቤም በሊኑክስ በሚሠራው የሰነድ መጻፊያ በሊብሬኦፊስ ሲከፈት ሠንጠረዡና የገጹ አከፋፈል አንዳንድ ጊዜ ስለሚዛነፍ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር በየቀኑ ሰነድ የሚለዋወጥ ሰው አስቀድሞ ይፈትነው።

ልጆቻችን ሲቀጠሩ የሚጠብቃቸው ዊንዶውስ ስለሆነ በቤታቸው ሌላ ነገር መልመዳቸው ጉዳት ነው የሚሉ ወላጆች ሥጋታቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን በልጁ እጅ ያለው የአንድሮይድ ስልክ እምብርቱ ይኸው የሊኑክስ ከርነል ነው፤ በዓለም ላይ በኃይላቸው ተመርጠው የሚመዘገቡት 500 ታላላቅ ኮምፒውተሮችም እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ሁሉም በሊኑክስ ይሠራሉ። በሁለት ሥርዓት መጻፍና ማስላት የለመደ ልጅ በአንድ ብቻ ከለመደው አያንስም።

አሁን የቀረው ነገር የእናንተ የጥገና ባለሙያዎች ድርሻ ነው፤ በአገራችን ብዙው ሰው ስርዓተ ክወናውን ራሱ አይመርጥም፣ በሱቃችሁ ትመርጡለታላችሁ እንጂ። ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋውን የሚንት ቅጂ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ከዊንዶውሱ አጠገብ በፍላሻችሁ አኑሩት፤ ደንበኛችሁ «ፎርማት አድርግልኝ» ብሎ ሲመጣም ምን እንደሚሠራበትና ምን ሰነድ እንዳለው ጠይቁት፤ ሥራው ደብዳቤ፣ ኢንተርኔትና ፊልም ብቻ ከሆነ፣ ሚንት ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ መነሣት ይችላልና፣ ዋይፋዩና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን በዓይኑ ፊት ፈትናችሁ አሳዩት፤ ከወደደው ሰነዱን በሌላ ዲስክ አስቀምጣችሁ ጫኑለት። የድካማችሁንም ዋጋ ተቀበሉ፤ የሊኑክስ ፈቃድ ይህን አይከለክልም።