የ«አደፍርስ» አንባቢና የኩርፊያው ተረት

የዳኛቸው ወርቁ ልብ ወለድ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በሥነ ጽሑፍ ወገኖች ዘንድ አንድ አስተያየት ሥር ሰዷል፤ ይኸውም መጽሐፉ ለተራው አንባቢ አይገባም፣ ደራሲውም አንባቢውን ንቆና አኩርፎ ራሱን ያገለለ ሰው ነው የሚለው ነው። የዚህ አስተያየት ጉዳቱ ስለ ሰውየው ጠባይ የሚወራው ወሬ የንባቡን ድካም መተካቱ ነው።

መጽሐፉን ከባድ የሚያሰኘው አሠራሩ ነው። በጊዜው የተለመደው ልብ ወለድ ሁሉን አወቅ ተራኪ፣ ማለትም የገጸ ባሕርያቱን ልብ እያነበበ አንባቢውን የሚመራ ድምፅ ሲኖረው፣ ዳኛቸው ይህን መሪ ወደ ዳር ገፍቶ ታሪኩን በአብዛኛው ለምልልስ፣ ለሰዎቹ የእርስ በርስ ንግግር አሳልፎ ሰጥቷል፤ ባለ ርስቷ ወይዘሮ አሰጋሽም ሆኑ የተማረው ወጣት አደፍርስ በየራሳቸው አንደበት ይሟገታሉ፣ የሸዋው የደብረ ሲና ገጠር ዘዬም ሳይታረም ይሰማል፣ ፍርዱም ለአንባቢው ይቀራል። ፍርድን የሚያህል ነገር ለአንባቢ የተወ ደራሲ አንባቢን ናቀ ሊባል አይችልም፤ ይልቁንም ይህ ሰው «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን ለጀማሪ ጸሐፍት ያዘጋጀ መምህር ነበር።

«ተራው አንባቢ» የተባለውስ ማን ነው? በድሬዳዋ መልካ ጀብዱ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ሲፈራረቁ እየሰማ ያደገ ሰው ለብዙ ድምፅ ጆሮው የሠለጠነ ነውና፣ የደብረ ሲና አነጋገር ይከብደዋል ማለት እርሱን መድፈር ነው። የሚያስፈልገው የቃላት መፍቻ ብቻ ነው።

ስለ ደራሲው ጠባይ ከማውራት ይልቅ ሥራውን ማሰናዳት እንደሚሻል የጀርመን ምሳሌ ያሳያል፤ በዚያ ደራሲው አርኖ ሽሚት ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1979 እስኪሞት ድረስ ባርግፌልድ በተባለች ትንሽ መንደር ከሰው ርቆ ኖሯል፤ ከ1,300 ገጽ በላይ የሆነውና በጎን ለጎን ዓምዶች የተጻፈው «ዜተልስ ትራውም»ም የታተመው «አደፍርስ» በወጣበት ሰሞን፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያም አገር ስለ ብሕትውናው ብዙ ተወርቷል፤ ነገር ግን በ1981 እ.ኤ.አ. በመንደሯ በስሙ የተቋቋመው ድርጅት ሥራዎቹን አሰናድቶ ማሳተሙን ዋና ተግባሩ አድርጎ ያዘ። የዳኛቸው አድናቂዎችም ስለ ኩርፊያው የሚያባክኑትን ጊዜ ዘዬውን፣ ተረትና ምሳሌውን፣ የቤተ ክህነቱን ቃል በየገጹ ግርጌ የሚፈታ እትም ለማሰናዳት ሊያውሉት ይገባል፤ ሥራውም የዚያን ዘመን አነጋገር የሚያውቁ የደብረ ሲና አረጋውያን በሕይወት ሳሉ መጀመር አለበት።