ሰባሪው ማን ነው?

ሰሞኑን አንድ ጸሐፊ ጅማ የከተማ አውቶቡስ አያስፈልጋትም፣ ተሳፋሪው ወንበር ቀዶ ስለሚጨርሰው ባጃጅ ይበቃታል ብለውናል። ስድብ አገኘሁበት፤ ሐሳብ ግን አጣሁበት።

ወንበር የሚቀድ ጎረምሳ የለም አልልም። የስፖንጁን ቢጫ ሆድ የሚዘረግፍ፣ ከፊቱ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ የፍቅረኛውን ስም በቁልፍ የሚጭር ሞልቷል። ግን አውቶቡስ በስፖንጅ እጦት አይቆምም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ይመልከቱ። ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹን ከመስመር ያስወጣቸው የመለዋወጫ እጦት እንጂ የተሳፋሪ ጥፍር አይደለም። በቀሩት ላይ ሕዝቡ ሲታጨቅ ደግሞ በሩም እጀታውም ይጎዳል፤ ያኔ ጥፋተኛው ተሳፋሪ ይባላል!

ባጃጅ ከኋላ የሚይዘው 3 ሰው ነው። (ከሾፌሩ ጎን በአንድ ቂጡ የሚንጠለጠለው አራተኛው አይፈቀድለትም፤ ጅማ ጊንጆ ሰፈር ላይ ግን አለ።) 60 ሰው ጅማ መርካቶ ለማድረስ 20 ባጃጅ መደርደር ነው፣ ያውም በጅማ ዝናብ። ለውስጥ ለውስጡ መንገድ ባጃጅን የሚተካ የለም። ለዋናው አስፋልት ግን አውቶቡስ ይምጣ፤ ከነመለዋወጫው፣ ከነጋራዡ። የተቀደደ ወንበር ታፒሴሪ ቤት ወስዶ ማሰፋት ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም።