ኦርኬስትራ የሌለው መሪ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባምቢስ አጠገብ ከምትገኝ አንዲት ቡና ቤት አራት ሆነን ተቀምጠን ማኪያቶ ስንጠጣ ክርክር ተነሣ። የክርክሩ መነሻ መንገዱ መካከል ቆሞ እጁን የሚያወናጭፈው ትራፊክ ፖሊስ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነው፣ «ይህ ሰው ከኦርኬስትራ መሪ በምን ይለያል? ሁለቱም ድምፅ ሳያወጡ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ሁለቱም ደመወዝ ይበላሉ» ብሎ አሳቀን። አንደኛው ጓደኛችን ግን አልሳቀም። ይህ ጓደኛችን ቫዮሊን ይጫወታል፤ ምኞቱም አንድ ቀን ኦርኬስትራ መምራት ነበር። ነገሩን ለአባቱ ባጫወታቸው ጊዜ «ከዚህ ቤት አዝማሪ አይወጣም» ስላሉት ዛሬ የሒሳብ አያያዝ ይማራል። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ዝም ብሎ ቆየና፣ «አባባስ ይሁኑ፤ እሺ ቢሉኝ ኖሮስ የምመራው ኦርኬስትራ የት አለ?» አለን። መልስ አልነበረንም።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያን ዕለት ስላጣነው መልስ ነው። የምንለውም ባጭሩ ይህ ነው፦ ኢትዮጵያ ሙዚቃ መምራት የሚችል ሰው አጥታ አታውቅም። ያጣችው መሪው ሳይለወጥ፣ መንግሥትም ሲለወጥ ሳይፈርስ ጸንቶ የሚቆይ ኦርኬስትራ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ለኢኮኖሚክሱ ወንድማችን መልስ እንስጥ። ትራፊክ ፖሊሱ የሚያዘው የመጣውን መኪና ነው። የኦርኬስትራ መሪ ግን የሚያዘው ገና ያልመጣውን ድምፅ ነው። ምልክቱን የሚሰጠው ከድምፁ ቀድሞ ነውና፣ ድምፁ ከተሰማ በኋላ የሚወዛወዝ እጅ ለማንም አይጠቅምም። እያንዳንዱ ተጫዋች ፊቱ ያለው የራሱ መሣሪያ ኖታ ብቻ ሲሆን፣ በመሪው ፊት ግን የቫዮሊኑም፣ የዋሽንቱም፣ የጥሩምባውም፣ የከበሮውም ኖታ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ ይገኛል። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ አንብቦ፣ ገና ሳይጫወት በጆሮው ውስጥ ሰምቶ፣ የቱ መጉላት የቱ መለዘብ እንዳለበት ወስኖ ነው ወደ ልምምድ የሚገባው። እኛ በመድረክ ላይ የምናየው የእጅ እንቅስቃሴ የሥራው ጅራት ነው።

ኦፔራ ሲሆን ደግሞ ጭንቁ ይበዛል። ኦርኬስትራው ከመድረኩ ሥር ይቀመጣል፤ ዘፋኞቹ ከላይ ናቸው፤ ከኋላቸው ዘማሪዎች አሉ። ዘፋኙ ትንፋሽ አጥሮት አንዲት ምት ቢዘል፣ መሪው ያንኑ ምት ከሥር ያሉትን ሰዎች ሁሉ አዝልሎ ካላገናኛቸው ቲያትሩ ይበተናል። ስለዚህ በብዙ የአውሮፓ ኦፔራ ቤቶች መሪ የሚሆን ሰው ሥራውን የሚጀምረው በትር ይዞ አይደለም፤ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ዘፋኞችን አንድ በአንድ በማለማመድ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በዓመታት የሚገኝ እንጂ በወረቀት የሚሰጥ አይደለም።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እንዲህ የሚል ሰው በጥምቀት ወይም በጊዮርጊስ ማኅሌት ቆሞ አይቶ ከሆነ እንደገና ያስብ። ደብተሮቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ ጸናጽሉና ከበሮው ሲጠባበቅ፣ መሪጌታው በመቋሚያው ልክ የሚሰጠው ለምንድን ነው? ሙላቱ አስታጥቄ በሐርቫርድ ዩኒቨርስቲ ሳሉ በቅዱስ ያሬድ ላይ የጀመሩትን ኦፔራ በ2008 በከፊል ያሰሙ ሲሆን፣ መቋሚያው ከአውሮፓው መሪ በትር በፊት የነበረ የመሪ በትር ነው ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩን ለሊቃውንት እንተወው። ነገር ግን የፈረንሳዩ ንጉሥ የሙዚቃ ሹም ሉሊ በ1687 የሞተው ልክ ለመስጠት ወለሉን በሚመታበት ረጅም ዘንግ እግሩን አቁስሎ መሆኑን ስናነብ፣ ዘንጉ ከመቋሚያው ብዙም እንደማይርቅ እንረዳለን። ያቺ ቀጭን በትር በአውሮፓ የተለመደችው ከዚያ ብዙ ዘግይታ ነው።

ኦፔራም ቢሆን ከእኛ ጋር የቆየ ሂሳብ አለው። ቬርዲ «አይዳ»ን ለካይሮ ኦፔራ ቤት ሲደርስ አይዳ የተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ነበረች፤ አባቷ አሞናስሮም ሽንፈት የደረሰበት የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር። ኦፔራው ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 በከዲቭ እስማኤል ከተማ ታየ። የከዲቩ ጦር ግን በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራ ድል ሲሆን ታሪኩ ከቲያትሩ ተገለበጠ። ይህን ኦፔራ ስንት አገር ስንት መሪ መራው! በሰንሰለት ታስረን የምንታይበትን ሙዚቃ የእኛ ሰው በእኛ ከተማ መድረክ ላይ በገዛ እጁ ሲመራው ለማየት እኛ አልታደልንም።

በዚሁ «አይዳ» ምክንያት አንድ ሰው መሪ የሆነበትን ታሪክ እንንገር። በ1886 በሪዮ ዲ ዣኔሮ የአንድ ጣሊያን ኦፔራ ቡድን መሪ ተጣልቶ ሲሄድ ሕዝቡ በጩኸት ሌላውንም ሰው አላስመራ አለ። የዚያን ጊዜ ከቼሎ ተጫዋቾቹ መካከል የ19 ዓመት ልጅ ተነሥቶ ሙሉውን ኦፔራ ኖታ ሳይገልጥ መራው። ይህ ልጅ አርቱሮ ቶስካኒኒ ነበር። ይኸው ሰው በ1931 በቦሎኛ የፋሺስቶቹን መዝሙር አላሰማም በማለቱ ፊቱን በጥፊ ተመቷል። የካዛንቺስን ስም ትተውልን የሄዱት እነዚያው ፋሺስቶች ናቸውና ይህን ሰው ለማክበር የሰፈራችንም ሰው ምክንያት አለው።

ልብ በሉ፤ ቶስካኒኒ ሊቅ ቢሆንም እንኳ ያን ዕለት ማታ ኦርኬስትራው እዚያው ተቀምጦ ባይጠብቀው ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ክራር የሚማር ልጅ ክራር ይገዛል፤ ካጣም ከእንጨትና ከጅማት ይሠራል። የመሪ መሣሪያ ግን ሰዎች ናቸው። ሰዎች ደግሞ ደመወዝ፣ አዳራሽ፣ ወንበር፣ የልምምድ ሰዓት ይፈልጋሉ። በ1915 በኒውዮርክ የተወለደውን ጥቁር አሜሪካዊ ዲን ዲክሰንን እንውሰድ። ችሎታው የተመሰከረለት ሲሆን በአገሩ ቋሚ ኦርኬስትራ የሚሰጠው ስላጣ በ1949 ወጥቶ በጎተንበርግ፣ በፍራንክፈርትና በሲድኒ ኦርኬስትራዎችን መራ። ወደ አገሩ መድረክ በእንግድነት የተጠራው በ1970 ነው። እጁ ያው እጅ ነበር፤ የጎደለው የሚመራው ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ሄደው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ከነጥሩምባቸው ወደ አዲስ አበባ አመጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነርሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የቀድሞውን የንጉሠ ነገሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ እስከ ሞተበት እስከ 1977 ድረስ የማዘጋጃ ቤቱን፣ የፖሊሱንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርን የሙዚቃ ክፍሎች አሠለጠነ፤ በያሬድ ትምህርት ቤትም አስተማረ። ለእነዚህ ሰዎች ምስጋናችን ትልቅ ነው።

ከዚያ ተራው የኢትዮጵያዊው ሆነ። በ1938 አዲስ አበባ የተወለዱት አሸናፊ ከበደ አሜሪካን አገር በታወቀው በኢስትማን ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ተመረቁ። ተመልሰውም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። የሃንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ በበትራቸው መርተዋል። «እረኛው ባለዋሽንት» የሚል ሥራም ደርሰዋል፤ ርእሱ ብቻ የእኛን አገር ድምፅ ከምዕራቡ ኦርኬስትራ ጋር ለማጋባት ምን ያህል እንደ ጓጉ ይነግረናል። ታዲያ ይህ ሕይወት ወዴት አመራ? በ1968 ዲሬክተርነቱን ለቀው እንደገና አሜሪካ ገቡ፤ በ1971 የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ፤ ስለ ጥቁር ሕዝብ ሙዚቃ ሥር መጽሐፍ ጻፉ፤ ፕሮፌሰር ሆነው በ1998 በፍሎሪዳ አረፉ። የተከበረ ሕይወት ነው፤ ማንም አያንቋሽሸውም። ነገር ግን በዕውቀት ሊቅ ሆነው ያገኙትን ወንበር ያስቀመጠላቸው የሰው አገር ነው። ለ30 ዓመት ያህል በአዲስ አበባ አንድ ኦርኬስትራ በእጃቸው ቢያድግ ኖሮ ዛሬ ስንት ደቀ መዝሙር ነበራቸው? ይህን ጥያቄ እሳቸውን ለመውቀስ አናነሣውም፤ እኛን ለመውቀስ ነው።

የራሳችን ዩኒቨርስቲም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አለው። በ1963 ግብፃዊው ደራሲ ሐሊም ኤልዳብ እዚሁ ሲያስተምር ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። መሰንቆው፣ ክራሩ፣ በገናው፣ ዋሽንቱ፣ እምቢልታው፣ መለከቱ ከየጠቅላይ ግዛቱ መጥተው ባንድ መድረክ ተቀመጡ። ችግሩን አስቡት፤ መሰንቆ ተጫዋቹ የለመደው ብቻውን መጫወት ነው፤ ቅኝቱም እንደ ጣቱ ነው። ይህን ሁሉ ባንድ ቅኝት ማስቀመጥ የመሪ ሥራ ነው። ከ1966 ጀምሮ ኦርኬስትራውን የመራው ተስፋዬ ለማ ሲሆን በ1969 አሜሪካን አገር ድረስ ሄደው ተጫውተዋል። በ1975 ተበተነ። ደቀ መዝሙርነት የሚባለው ነገር አንድ ጊዜ ከተቋረጠ እንደ መንገድ መብራት ተመልሶ አይበራም።

«ሕዝብ ዳቦ ሳይጠግብ ስለ ኦርኬስትራ ማውራት የቅምጥል ወሬ ነው» የሚለውን መልስ አስቀድመን እንሰማዋለን፤ ከኢኮኖሚክሱ ወንድማችንም ሰምተነዋል። አንንቀውም። ዳቦ መቅደሙን ማን ይክዳል? ነገር ግን በኪንሻሳ ሥራውን ያጣ አርማን ዲያንጊየንዳ የሚባል ፓይለት በ1994 ኖታ ራሱን በራሱ አስተምሮ ኦርኬስትራ አቋቋመ። ተጫዋቾቹ ቀን ሌላ ሥራ እየሠሩ ማታ ይለማመዱ ነበር፤ መሣሪያው ሲሰበር ራሳቸው ይጠግኑት ነበር። ጦርነትና ዝርፊያ ባለፈበት አገር ቤትሆቨንን ተጫወቱ። ይህን ያደረጉት ከእኛ በልጠው ስለ ጠገቡ አይደለም። ደግሞስ ባንድ አዳራሽ ውስጥ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ብዙ ሰዎች አንዱ ሌላውን እየሰማ፣ ተራውን እየጠበቀ፣ ሲደርሰውም ሳያፍር እየተሰማ ባንድነት መሥራትን የሚማሩበት ስፍራ በዚህ ዘመን ለኢትዮጵያ ቅንጦት ነውን?

እንግዲህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የዩኒቨርስቲያችን አካል ነውና፣ በዩኒቨርስቲው ስም በጀትና ቋሚ የልምምድ ሰዓት ያለው፣ ቫዮሊኑንም መሰንቆውንም የሚያቅፍ የተማሪዎች ኦርኬስትራ ይቁም። ሁለተኛ፣ መምራት የሚማር ተማሪ በመስታወት ፊት እጁን ሲያወዛውዝ ከሚኖር በወር አንዲት ሰዓት እንኳ ሕያዋን ተጫዋቾች ፊት ይቁም፤ ይሳሳት፤ ይታረም። ሦስተኛ፣ የናልባንዲያኖቹና የፕሮፌሰር አሸናፊ ኖታዎች ተሰብስበው፣ ተባዝተው በተጫዋች እጅ ይግቡ። ያልተጫወቱት ኖታ የተዘጋ ደብዳቤ ነው።

መንግሥትን ብቻ መክሰስ ደግሞ ቀላል ነው። እኛስ? ለእግር ኳስ ስታዲየም ተሰልፈን የምንጋፋ፣ ያሬድ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ሲጫወቱ ግን ወንበሩን ባዶ የምንተው ማን ነን? አባቱ «አዝማሪ» ሲሉት አብረን የሳቅንስ እኛ አይደለንምን?

ያ ጓደኛችን ቫዮሊኑን አልሸጠውም፤ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጦታል። ስለዚህ ማናቸውንም መሣሪያ የምትጫወቱ ወንድሞችና እህቶች፣ ክራርም ይሁን ክላሪኔት፣ ስማችሁን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። ዐሥር ሰው ከተገኘ ልምምድ እንጀምራለን። መሪውን እኛ እናውቀዋለን።