ከፋብሪካ የተቀነሱትን ልጆች አናስቸኩላቸው



እንደሚታወቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሰፈራችን የልብስ ስፌት ሠራተኞች ሰፈር ሆኗል። ከሲዳማ ገጠር፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦ የመጡ ልጆች አራትም አምስትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። በእነሱ ኪራይ ሰርቪስ ቤት የጨመርን፣ ልጅ ያስተማርን ከመካከላችን ብዙ ነን። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ አገራችንን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ ንግድ ስታስወጣ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ልጆቹ ሻንጣቸውን ይዘው መናኸሪያ ወረዱ፣ ክፍሎቹም ባዶ ቀሩ። አሁንም በሰፈራችን ተቀነስን የሚሉ ልጆች አሉ።

ወደ ማኅበሩ የሚመጣው ሁሉ “ደህና ደመወዝ ያለው ሥራ የት ይገኛል?” ይለናል። የእኛ ሐሳብ፣ ደህና ደመወዝ የሚያገኘው መቆየት የሚችል ሰው ነው የሚል ነው። “ነገ ኪራይ ካልከፈልሽ ውጪ” የተባለች ልጅ ያገኘችውን ትይዛለች፤ ድሮ ከምታገኘው በታች ምግብ ቤት ሳህን ታጥባለች፣ ወይም ደላላ ይዟት ይሄዳል። ደላላ ደግሞ ኪራይ የቸገረውን ሰው ከጎረቤት ቀድሞ ይሰማል!

ታዲያ መቆያው ከየት ይምጣ? አንደኛው ከሕግ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ በሠራተኛ ቅነሳ የምትወጣ ልጅ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባታል። የስንብት ክፍያዋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለተጨማሪው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሲሶ ይታከላል። በዚያ ላይ ቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን ደመወዝ አለ። ይኸውም 3 ዓመት ለሠራች የ110 ቀን ደመወዝ ማለት ነው። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። “ፈርሚና ውጪ” ሲሏት ሳታነብ የምትፈርም አለች፤ ኧረ ተዉ፣ አንብቡ፣ አስነብቡ! የቀረ ክፍያ ካለም በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል።

የሥራ ምስክር ወረቀት ሳይዝ ማንም እንዳይወጣ። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ጽፎ በነፃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ያለዚያ ወረቀት አዲሱ ቀጣሪ እንደ ጀማሪ ቢቆጥራት ምን ይዛ ትከራከራለች?

ሁለተኛው መቆያ እኛው አከራዮቹ ነን። ለተቀነሰች ተከራይ 2 ወር እንታገሳት እንላለን። ቅር የሚላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ አከራይም ዕዳ አለበት። ኪራዩ ይሰረዝ አላልንም፤ ክፍያዋ ሲደርስ ወይም ሥራ ስትይዝ ትከፍላለች። ደግሞስ ያባረርነው ሰው ክፍል በ2014 ስንት ወር ተዘግቶ ከረመ?

ስለ ስፌቱም አንድ ነገር አለ። ፋብሪካ ውስጥ አንዷ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላዋ እጅጌ ብቻ ስትሰፋ ነው የኖረችው፤ ሙሉ ሸሚዝ ቁረጪ ቢሏት ይቸግራታል። ስለዚህ የስንብት ገንዘቡን ለብቻ አንድ መኪና ገዝቶ በር ላይ መቀመጥ ብዙም አያዋጣም። አምስት ስድስት ሆነው፣ መቁረጥ የሚችል ልብስ ሰፊ ጨምረው ቢደራጁ ግን የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ለመስፋት ምን ያንሳቸዋል? በፋብሪካ የለመዱት ፍጥነት ያኔ ገንዘብ ይሆናል። ዋጋ ሲነግሩንም “የሰፈር ልጅ አይደለሽ?” እያልን ግማሹን አንቁረጥባቸው። ደህና ደመወዝ ይገኝ ካልን እኮ ከፋዮቹ እኛ ነን።

የስንብት ወረቀት ያላት ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ይዛ ትምጣ፣ አብረን እናነባለን። 2 ወር ለመታገስ የተስማማችሁ አከራዮችም ስማችሁን አስመዝግቡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ