ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ ጥርስ ሽቦና ስለ ኪስ ብሩሽ

ለጥርስ መጨነቅ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ከወይራ ወይም ከክትክታ መፋቂያ ቆርጠው ከቤት ሲወጡ ይዘውት ይወጡ ነበር፤ ዛሬም መፋቂያ በእስር በእስር ሆኖ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል። እናቶቻችን ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ የፍንጭት ጥርስ ውበትም በዘፈን ሳይቀር ሲወደስ ኖሯል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ርዕሰ አንቀጽ ስለ ጥርስ ስንጽፍ ከባዕድ የመጣ ቅንጦት አነሣን የሚለን አንባቢ ብዙ ይሆናል ብለን አንገምትም። ቢኖርም እስከ መጨረሻው ድረስ እንዲታገሠን እንለምነዋለን።

የምንጽፈው የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ በተለምዶ ብሬስ የሚባለውን፣ ስላሰሩት ጓደኞቻችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግቢያችን አንድ ወይም ሁለት ቢገኙ ነበር፤ ዛሬ በየክፍሉ ይታያሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ ሽቦውን ለሁለት ዓመት ያህል ከያዘ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት ተነሣለት። ጥርሱ እንደ ታሰበው ቀጥ ብሏል። ነገር ግን ብረቱ ተለጥፎበት በነበረው ቦታ ዙሪያ፣ በፊት ጥርሶቹ ሁሉ ላይ፣ ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት ቀርቶበታል። ለዚህ ሕክምና የወጣው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ብር የተገኘው በዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ከምትሠራው ታላቅ እኅቱ ነው። ይህ ጓደኛችን «እኅቴ ስትመጣ ስቄ እንድቀበላት ነበር ያሰብሁት፤ አሁን ግን አፌን እሸፍናለሁ» ብሎ አጫወተን። ለምን አልተጠነቀቅህም ብንለው የመለሰልን ቃል ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ አስገደደን። «ማታ ማታ እቦርሽ ነበር፤ ቀን ግን የት ልቦርሽ? በምንስ?» አለን።

ነገሩ እንዲገባን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል። ጥርስን ማቃናት የቆየ ጥበብ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው የጥርስ ሕክምና መጽሐፍ፣ የተዛነፈን ጥርስ በጠፍጣፋ ብረትና በክር ወደ መስመሩ ስለ መመለስ ጽፏል። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን ጥርስ የሚቃናው በየጥርሱ ዙሪያ የብረት ቀለበት እየታሰረ ነበር። አሜሪካዊው ማይክል ቦኖኮር እ.ኤ.አ. በ1955 የጥርስን ገጽ በአሲድ በማሻከር ማጣበቂያ አጥብቆ እንዲይዝ ማድረግ እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ ግን አሠራሩ እየተለወጠ ሄደ። ዛሬ ብራኬት የሚባሉት ትንንሽ ብረቶች በጥርሱ ፊት ላይ ይለጠፋሉ፤ በእነርሱም ላይ ቀጭን ሽቦ ያልፋል።

ይህ አሠራር ለታካሚው ቀለል ያለ ቢሆንም፣ ጥርሱ በብራኬቱ ዙሪያ ተገልጦ ይቀራል፤ የምግብ ትራፊም የሚጠራቀመው በዚያው በብራኬቱ ጠርዝና በሽቦው ሥር ነው። በዚያ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል። የአሲድነቱ መለኪያ፣ ፒኤች የሚባለው፣ ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የጥርሱ ልባስ ማዕድኑን መጣል ይጀምራል። ምራቅ ይህን ጉዳት ቀስ በቀስ ይጠግናል። ነገር ግን ምራቅ ሥራውን ሳይጨርስ ሌላ ስኳር ከተጨመረ፣ ትራፊውም ሳይነሣ ከዋለ፣ ጥገናው ከጥፋቱ ጋር እኩል መራመድ ያቅተዋል። ያ ነጭ ምልክት እንግዲህ የመበስበስ መጀመሪያ ነው። ጽዳቱ ክፉኛ ከተጓደለ በ4 ሳምንት ውስጥ እንኳ ሊታይ ይችላል። ሕክምናው ግን ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። 4 ሳምንትን ከ24 ወር ጋር ያነጻጸረ ሰው አደጋው የት ላይ እንዳለ ሳይነገረው ያውቃል።

አሁን ደግሞ የተማሪውን ቀን እንመልከት። ጧት ዳቦ በሻይ ይበላል፤ ሻዩም ስኳር የበዛበት ነው። ከዚያ እስከ ቀትር ክፍል ነው። ምሳ እንጀራ በሽሮ፣ አለዚያም ፓስታ ነው፤ የእንጀራው ፍርፋሪ በሽቦው ሥር ይሸጎጣል፣ ጎመን ካለም በብራኬቱ ላይ ይጠመጠማል። ከምሳ በኋላ ቤተ ሙከራ ወይም ቤተ መጻሕፍት ይከተላል። ለፈተና የሚያመሸው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ በሶውን በስኳር በጥብጦ ይጠጣና ደብተሩን እንደ ታቀፈ ይተኛል። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ከሁሉ የከፋው ይህ የመጨረሻው ነው። እንግዲህ ጧት ከመኝታ ቤቱ የወጣ ተማሪ ሽቦው ላይ የተጠራቀመውን ይዞ 10 ወይም 12 ሰዓት ይውላል ማለት ነው።

ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት ውድ አይደለም፤ በእርሳስ መያዣ ቦርሳ ውስጥ ተጠቃሎ የሚገባ ነው። ከባለሙያ ጠይቀን የተረዳነውን ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

አንደኛ፣ እጀታው አጭር ወይም የሚታጠፍ፣ ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ ብሩሽ፤ በመካከሉ ጎድጎድ ብሎ ለሽቦ ተብሎ የተሠራው ከተገኘ ይመረጣል። ሁለተኛ፣ ትንሽ የጥርስ ሳሙና፤ ይኸውም ፍሎራይድ ያለው፣ በሚሊዮን ከ1000 እስከ 1500 እጅ የሚል የተጻፈበት። ሦስተኛ፣ ጠርሙስ ማጠቢያ የምትመስል ቀጭን የጥርስ መካከል ብሩሽ። ይህች በሽቦው ሥር ገብታ ትልቁ ብሩሽ የማይደርስበትን ታጸዳለች፤ ውሃ ባይኖር እንኳ በእርሷ ብዙ ሥራ ይሠራል። አራተኛ፣ የጥርስ ክርና ክሩን እንደ መርፌ ከሽቦው ሥር የሚያሳልፍ ማሾለኪያ። አምስተኛ፣ ጉንጭን ለሚወጋ ሽቦ የሚሆን ጥቂት ሰም፤ ቦታውን አድርቆ የአተር ፍሬ የምታህል ድቡልቡል በላዩ መለጠፍ ነው። ሽቦው ወጋኝ ብሎ በጥፍር መቁረጫ የሚቆርጥ ግን ሕክምናውን በገዛ እጁ ያስረዝማል። ስድስተኛ፣ ትንሽ መስታወት፤ ያላዩትን ማጽዳት አይቻልምና። በዚህ ላይ ማናችንም የማናጣው የሃይላንድ ውሃ ሲጨመር ዕቃው ተሟላ።

አጠቃቀሙም ከባድ አይደለም። ብሩሹን ዘንበል አድርጎ በመጀመሪያ በድዱና በብራኬቱ መካከል፣ ቀጥሎ ከብራኬቱ በታች፣ ከዚያም በሚያኝከው ገጽና በውስጥ በኩል ማስኬድ ነው፤ ሁሉም በ2 ደቂቃ ያልቃል። አረፋውን መትፋት እንጂ በብዙ ውሃ አጥቦ ፍሎራይዱን ማስወጣት አይገባም። ለስላሳ ወይም ሎሚ የጠጣ ሰው በመጀመሪያ በውሃ ይጉመጥመጥ፤ ብሩሹን ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆየው፤ በአሲድ የላላ ልባስ በብሩሽ ይፋቃልና። ቀን ጊዜ ያጠረው ሰው ተጉመጥምጦ በቀጭኗ ብሩሽ ብቻ ቢያልፍበትም ከምንም ይሻላል። ማታ ግን ከበሶው በኋላ ሳይቦርሹ መተኛት በፍጹም አይሆንም። ብሩሹ እርጥብ እንደ ሆነ ታሽጎ እንዳይከርም መኝታ ቤት ሲደርሱ አውጥቶ አየር እንዲያገኝ ማቆም ይገባል። ለጓደኛ ማዋስም ነውር ነው።

ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይቀርቡልናል። የመጀመሪያው መፋቂያ አይበቃም ወይ የሚል ነው። ጫፉ በደንብ የተዘጋጀ መፋቂያ የጥርስን ገጽ ያጸዳል፤ አንንቀውም። ነገር ግን በሽቦው ሥር አይገባም፤ በኃይል የገፉት እንደ ሆነም ብራኬቱን ሊያስለቅቅ ይችላል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ሸንኮራም የሚከለከሉት ስለዚሁ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከመጡ ወንድሞችና እኅቶች ነው። «በአገራችን ጥርስን ያጠቆረው ፍሎራይድ አይደለም ወይ? እንዴት በገዛ እጃችን እንቀባው?» ይላሉ። እውነት ነው፤ በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ አለው። ነገር ግን ያ ጥርስን የሚያበላሸው በሕፃንነት፣ ጥርሱ ከድድ ሥር ገና በሚሠራበት ጊዜ፣ በየቀኑ ሲጠጣ ነው። በቅሎ ያለቀ ጥርስ ላይ ተቀብቶ የሚተፋው ሳሙና ግን ልባሱን ያጠነክራል እንጂ አያጠቁርም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን ቦርሳውን የያዘው ተማሪ ሁለት እንቅፋት ይጠብቀዋል፤ ሁለቱም የእኛ ሥራ ናቸው።

አንደኛው ሣቅ ነው። ከምሳ በኋላ በቧንቧው አጠገብ ቆሞ የሚቦርሽን ሰው «ሰርግ አለብህ ወይ?» ብሎ የሚሣለቅ አይጠፋም። «የሽቦ አጥር» የሚል ቅጽልም ወጥቷል። ቀልድ ነው ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ይህን ቀልድ ፈርታ ብሩሿን ከቦርሳዋ ሳታወጣ የምትውል እኅት እንዳለች እናውቃለን። የቀልዱ ዋጋ የሚከፈለው በእርሷ ጥርስ ነው። አባቶቻችን በአደባባይ ሲፍቁ ማንም አልሣቀባቸውም።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ከምግብ አዳራሹ በስተ ጀርባ 6 ቧንቧዎች ተተክለዋል፤ ይህን ስንጽፍ ውሃ የሚሰጡት 2 ብቻ ናቸው። መስታወት የለም። በማኅበራችን ሱቅም ብስኩትና ከረሜላ እንጂ አንድ የጥርስ መካከል ብሩሽ አይገኝም፤ ፈላጊው ወደ ከተማ ወርዶ ከመድኃኒት ቤት ወደ መድኃኒት ቤት መዞር አለበት።

«መጽሐፍ በጠፋበት፣ ዳቦው ባነሰበት ጊዜ ስለ ጥቂት ሰዎች ጥርስ ማውራት ተገቢ ነው ወይ?» የሚለን ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ስለ መጽሐፍና ስለ ዳቦ መጻፋችንንም አናቋርጥም። ነገር ግን ሽቦ ያሰረ ሁሉ ለመልክ ብሎ ያሰረ እንዳይመስለን። የላይኛውና የታችኛው ጥርሱ ሳይገጥም ቀርቶ ማኘክ የሚቸገር አለ፤ ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ ተወልዶ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጥርሱን ማቃናት የሚያስፈልገው አለ። ለመልኩ ያሰረውም ቢሆን ተሸማቆ መኖር ስለ መረረው ነው። ከዚህም በላይ ቧንቧው የሽቦ ያሰሩት ብቻ አይደለም። ሁላችንም በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን፤ 4ቱ ቧንቧ ሲጠገን እጁን የሚታጠበው ተማሪው ሁሉ ነው።

ስለዚህ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን እንዲወስን እናሳስባለን። የግቢው አስተዳደር 4ቱን ቧንቧዎች እንዲያስጠግንና በላያቸው አንድ ረጅም መስታወት እንዲሰቅል በጽሑፍ ይጠየቅ። የማኅበሩ ሱቅ ከላይ የዘረዘርናቸውን ዕቃዎች በጅምላ ገዝቶ ያለ ትርፍ ይሽጥ፤ ቅድሚያም ለቀጭኗ ብሩሽና ለሰሙ ይሰጥ፤ በከተማችን ከሁሉ ይልቅ የሚጠፉት እነዚህ ናቸውና። በጥርስ ሕክምና ትምህርት ላይ ያሉ ተማሪዎች ደግሞ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰጥተው፣ ሽቦ ላሰሩት አጠቃቀሙን በእጅ ያሳዩ። አንዳንድ ሐኪም ቤት ሽቦውን አስሮ ሲያሰናብት ስለ ጽዳቱ ሁለት ቃል ብቻ ተናግሮ እንደሚተው ሰምተናል፤ ሐኪማቸው አዲስ አበባ ለሆነው ጓደኞቻችን ሄዶ መጠየቁ ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ሽቦ ያሰራችሁ ወንድሞችና እኅቶች ግን ጉባኤውን አትጠብቁ። ከነገ ጧት ጀምሮ ብሩሹን በደብተር ቦርሳችሁ ክተቱ። በሁለቱ ቧንቧ ዘንድ ስትቆሙ እኛም የዝግጅት ክፍሉ አባላት በተራ ከጎናችሁ ቆመን እንቦርሻለን፤ ከእኛ መካከል ሽቦ ያሰረ አንድ ብቻ ቢሆንም። የሚሣቅ ካለ በሁላችንም ላይ ይሣቅ።