ለግማሽ ቀን ዋና የሺህ ዓመት ሣር አይነቀልም

“አንድ መልሕቅ ምን ያመጣል?” የሚለው ሰበብ አንገፍግፎኛል። ሐምሌና ነሐሴ በመጣ ቁጥር በስፔን ደሴቶች በኢቢዛና በፎርሜንቴራ፣ በፈረንሳይ ደግሞ በካንና በሳን ትሮፔ ዳርቻ ያለው ባሕር በመዝናኛ ጀልባ ይሞላል። ሁሉም ከነፋስ የተከለለ ጥግ ፈልጎ ይቆማል፤ ይዋኛል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ለመቆም ደግሞ መልሕቅ ይጥላል። መልሕቁ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ፖሲዶኒያ በተባለው የባሕር ሣር ላይ ነው።

ሣር ስለተባለ አትናቁት። ሥር፣ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ያለው፣ ከሜዲትራንያን ባሕር በቀር በዓለም የትም የማይበቅል የተክል ዝርያ ነው። ትንንሽ ዓሦች ይደበቁበታል፤ ቅጠሉ ማዕበሉን አብርዶ የባሕሩን ዳር አሸዋ ከመሸርሸር ያድናል፤ ከሥሩ በታች በሺህ ዓመታት የተከማቸ ካርቦን ተቀብሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢቢዛና በፎርሜንቴራ አካባቢ 8 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ አንድ ተክል መገኘቱ ይፋ ሆኗል። ይህ ፍጥረት ወደ ጎን የሚያድገው በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዛሬ የተነቀለውን የልጅ ልጆቻችንም መልሶ ሲሸፍን አያዩትም።

መልሕቅ የሚያደርገውን እንየው። ሲወድቅ ሥሩን ይነክሳል፤ ይህ ገና መጀመሪያው ነው። ጀልባው እንዳይንሸራተት የሚለቀቀው ሰንሰለት የውኃውን ጥልቀት ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚሆን አብዛኛው ወለሉ ላይ ይተኛል። ነፋሱ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ጀልባው ይዞራል፤ ሰንሰለቱም አብሮት እየዞረ በዙሪያው ያለውን ቅጠል ሁሉ ያጭዳል። ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ መልሕቁ ሥሩን ከነደለሉ ገንጥሎ ይወጣል። የቀረውን ጉድጓድ ሞገድ እየቦረቦረ ያሰፋዋል፤ ባለጀልባው ቤቱ ገብቶ ተኝቶም ጥፋቱ ይቀጥላል። በቅሎውን ለግማሽ ቀን ለማሰር ብሎ የደብሩን ጽድ ቆርጦ ካስማ የሚያደርግ ሰው ብናይ ዝም እንላለን?

“ባሕሩ የማንም አይደለም” ብሎ የተከራከረኝ ባለጀልባ አለ። የማንም ካልሆነ ያንተም አይደለም! አላወቅሁም ማለትም አይቻልም። ፈረንሳይ ይህን ተክል ከ1988 ጀምሮ በሕግ ትጠብቃለች፤ የአውሮፓ ኅብረት በ1992 ባወጣው መመሪያ ቅድሚያ ጥበቃ ሰጥቶታል፤ ኢቢዛና ፎርሜንቴራ ያሉበት የባሌሪክ ደሴቶች አስተዳደር በ2018 መልሕቅ በሣሩ ላይ መጣልን የሚከለክል ድንጋጌ አውጥቷል። ዶኒያ የተባለው የስልክ መተግበሪያ ሣሩ የት እንዳለ በካርታ ያሳያል። ስልክ እንኳ ባይኖር ዓይን አለ፤ በጠራ ውኃ ውስጥ ጠቆር ብሎ የሚታየው ሣሩ ነው፣ ፈካ ያለው አሸዋ።

ሕጉም ቢሆን ቀዳዳ አለው። ከ2019 ወዲህ በፈረንሳይ የሜዲትራንያን ዳርቻ የወጣው ክልከላ በዋናነት የሚመለከተው 24 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝሙትን ጀልባዎች ነው። ከግዙፎቹ መጀመሩ ተገቢ ነበር፤ መልሕቃቸው ከባድ ነውና። እዚያው መቅረቱ ግን ፍርሃት ነው። በአንድ ጥግ በየቀኑ የሚፈራረቁ ትንንሽ ጀልባዎች በበጋው መጨረሻ ሣሩን ብጥስጥሱን ያወጡታል። በባሌሪክ ደግሞ የጥበቃ ጀልባዎች እየዞሩ መልሕቅ የጣሉትን ይመክራሉ። ባለጀልባው እሺ ብሎ ፈቀቅ ይላል፤ ሣሩ ግን ተነቅሏል። ምክር ይብቃ። ሣር ላይ መልሕቅ የጣለ ሁሉ፣ የጀልባው ርዝመት ሳይጠየቅ፣ እዚያው ይቀጣ። በቅጣቱ ገንዘብም ወለሉ ላይ የሚተከሉ ተንሳፋፊ ማሰሪያዎች ይብዙ። ማሰሪያው ውድ ነው የሚሉኝን አልሰማም፤ ለጀልባ፣ ለነዳጅና ለካፒቴን የሚከፍል ሰው ለማሰሪያም መክፈል ይችላል።

በአውሮፓ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህ የሀብታሞች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በስፔን እስከ 5 ሜትር የሚረዝምና ሞተሩ ከ15 የፈረስ ጉልበት የማይበልጥ ጀልባ ያለ መንጃ ፈቃድ ይከራያል። ለልጆቻችሁ ዕረፍት ከተከራያችሁ፣ ገና ከወደቡ ሳትወጡ አከራዩን ሣሩ የት እንዳለ ጠይቁት። ካልነገራችሁ ሌላ አከራይ ፈልጉ። ከታች አሸዋ ካላያችሁ መልሕቅ አትጣሉ።