እስኪ ኮርሱን በራሳችሁ ስልክ ክፈቱት!

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ የአክስቴ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ገጠር ቤተሰቦቿ ጋ ገባች። ብዙም ሳይቆይ መምህሯ በቴሌግራም አንድ ፋይል ላከላቸው። የስታቲስቲክስ ኮርስ ነው፤ ሰማንያ ምናምን ስላይድ ወደ ፒዲኤፍ ተቀይሮ። እሷ ያላት ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። ቀመሩን ለማንበብ ስታጎላው ማብራሪያው ከስክሪኑ ይወጣል። ማብራሪያውን ጎትታ ስታመጣ ደግሞ ቀመሩ ይጠፋል። «ድብብቆሽ እየተጫወትን ነው» አለችኝ ደውላ። መምህሩ ግን «በኦንላይን አስተምሬያለሁ» ብሎ ሪፖርት ሳያቀርብ አልቀረም።

«ያ የጭንቅ ጊዜ ነበር» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ እሱን ልለፈው። ዛሬስ? ዛሬ ኮርስ የሚጫንበት ድረ ገጽ አለ፣ አፕ አለ። ውስጡ ስትገቡ ግን የምታገኙት ብዙ ጊዜ ያንኑ ስላይድ ነው። «ለሞባይል ተስማሚ» የሚባለውም ገጹ ጠበብ ብሎ ስልክ ላይ ስለገባ ብቻ ነው። የአባትን ኮት እጅጌውን አጥፎ ለልጅ ማልበስ ማለት ይሄ ነው። እጅጌው አጠረ እንጂ ኮቱ ያው የአባት ነው።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚፈጅ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 450 ሜጋባይት ይበላል። ያው ትምህርት በድምፅ ብቻ፣ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ቢቀዳ፣ 15 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። በአንድ ሰዓት ቪዲዮ ዳታ ሠላሳ ሰዓት ድምፅ ይወርዳል ማለት ነው። ታዲያ መምህሩ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲያወራ የሚያሳይ ቪዲዮ ለምን ይጫናል? ሸሚዙን እንድናይለት? ድምፁንና አስር ጥርት ያሉ ምስሎችን ቢሰጠን ይበቃን ነበር። ካርዱን የሚሞላው እኮ ተማሪው ነው።

ፈተናውማ አይነሳ። አርባ ደቂቃ ተሰጥቷችሁ ሠላሳኛው ጥያቄ ላይ ስትደርሱ እናት ይደውላሉ፣ ወይ ኔትወርክ ይሄዳል። ስትመለሱ ገጹ እንደ አዲስ ይከፈታል፣ የሞላችሁት መልስ የለም። ይሄ የተማሪው ስንፍና ነው? ሙድል የተባለው፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ሥርዓት፣ በስልክ አፑ ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ማንበብ ያስችላል። መምህሩ ከፈቀደና የሰዓት ገደብ ካላደረገበት፣ የመለማመጃ ጥያቄም ያለ ኔትወርክ ይሠራበታል። መሣሪያው አለ። የጠፋው «ተማሪዬ የት ሆኖ ነው የሚያነበው?» ብሎ የሚጠይቅ ነው።

«ስልክ ለጨዋታ ነው፤ ቁም ነገር በኮምፒውተር ነው» የሚሉም አሉ። የምሕንድስና ንድፍና ረጅም ፕሮግራም በስልክ እንደማይሆን እኔም አምናለሁ፤ ለእሱ ላብራቶሪ ክፈቱልን። ለሌላው ግን ኮምፒውተር የሌለውን ልጅ «ኮምፒውተር ይዘህ ና» ማለት «አትምጣ» ማለት ነው። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ማስተማር ሲጀምር በቢቢሲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የገባው ሰዉ ቤት ያለው እሱ ስለነበረ ነው። እኛ እጅ ያለው ስልክ ነው።

ስለዚህ ኮርሱ ከስልክ ይጀመር። አንድ ትምህርት በአንድ የታክሲ መንገድ የሚያልቅ ይሁን። ጽሑፉ ሳይጎላ የሚነበብ፣ አንዴ ከወረደ ያለ ኔትወርክ የሚከፈት፣ መልሱ በየጥያቄው የሚቀመጥ ይሁን። መምህሩም ይህን ሲያዘጋጅ ጊዜና ክፍያ ይታሰብለት፤ በትርፍ ሰዓቱ በነፃ ይሥራው አንልም።

ለዲኖቹ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ኮርሱን ከማጽደቃችሁ በፊት የቢሮውን ዋይፋይ አጥፉና በርካሽ ስልክ፣ በራሳችሁ ካርድ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሆናችሁ አንድ ምዕራፍ ተማሩ፤ ፈተናውንም ውሰዱ። ካለፋችሁ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ።